«ያለ አስጠኚ፣ በቪዲዮ ብቻ ሳይንስ መማር ያዋጣል ወይ?» ላለችው እህት

«ወንድሜ 11ኛ ክፍል ነው። ባሕር ዳር ነን። አስጠኚ መቅጠር አንችልም። ፊዚክስና ኬሚስትሪ በዩቲዩብ ቢማር ያዋጣዋል? ከየትስ ይጀምር?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦

ያዋጣል። እኔ ታናሽ እህቴን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ያዘጋጀኋት በዚሁ መንገድ ነው። በ2016 ተፈትና አለፈች። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። ስለ እሷ ሳወራ ዛሬም ደረቴ ይነፋል። ግን አንድ ሙሉ ክረምት አቃጥለናል። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ እናንተም እንዳትደግሙት ነው።

1. የቪዲዮውን ጥራት 360 ላይ አድርጉት። በ720 አንድ ሰዓት ማየት ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል። 144 ላይ ደግሞ ሰሌዳው አይነበብም፤ 3ን 8 ነው እያላችሁ ትጣላላችሁ። እንግሊዝኛው ከፈጠነበት ፍጥነቱን 0.75 ላይ ያድርገው፣ ጽሑፉንም ከሥር ያውጣው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ነው የሚቸገረው፤ ከዚያ ጆሮው ይለምደዋል።

2. አስተማሪ አትቀያይሩ። እኛ የጀመርነው በካን አካዳሚ ነው፤ ነፃ የቪዲዮ ትምህርት የሚሰጥ ድረ ገጽ ነው። መሥራቹ ሳልማን ካን ሥራውን የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ዘመዱ የሆነችን አንዲት ልጅ ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ በማስጠናት ነው። አነጋገሩ ዛሬም አጠገብሽ ተቀምጦ እንደሚያስረዳ ሰው ነው። መልመጃም አለው። ግን ቅደም ተከተሉ የአሜሪካ ነው፣ እሱን አትከተሉ። የራሳችንን የተማሪ መጽሐፍ ማውጫ ግድግዳ ላይ ለጥፉና ቪዲዮውን በዚያ ርዕስ ፈልጉ።

3. ያለ እስክሪብቶ አንድም ቪዲዮ እንዳያይ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን ሽምብጥ ነው። በ2014 ክረምት ዝናቡ ሲወርድ እሷ ከስፌት መኪናዬ ጎን ትቀመጥና ስልኩን የክር ሳጥን ላይ ደግፋ ታያለች። እኔም እየሰፋሁ እሰማለሁ። በቀን አራት አምስት ቪዲዮ። «ገባሽ?» እላታለሁ። «በጣም! ግልጽ ነው» ትለኛለች። እውነትም ግልጽ ነበር፤ ለእኔ እንኳን የገባኝ እየመሰለኝ ነበር። ለስፌት ከማገኘው ላይ ቀንሼ የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛሁ ልቤ ሞልቶ ነበር።

ትምህርት ተጀመረ። የመጀመሪያው የፊዚክስ ፈተና ከ20 ሰባት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ያየሁት እኮ ነው፣ ቪዲዮው ዓይኔ ላይ አለ» እያለች አለቀሰች። ካጣቻቸው ጥያቄዎች አንዱ በቀበቶ ስለተያያዙ ትልቅና ትንሽ ጎማዎች ነበር። ሁለቱም እኩል ይዞራሉ ብላ መልሳለች። ክረምቱን ሙሉ የተቀመጠችው እኮ የስፌት መኪና አጠገብ ነው!

ጨርቁን አነሳሁ። በልብስ ሰፊ ጠመኔ ከታችኛው ትልቅ ጎማ ጠርዝ ላይ አንድ ጭረት፣ ከላይኛው ትንሽ ጎማ ጠርዝ ላይ አንድ ጭረት አደረግሁ። ከመርገጤ በፊት «ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሹ ስንቴ ይዞራል? ጻፊ» አልኳት። «ሁለቴ» ብላ ጻፈች። ቀስ አድርጌ ረገጥኩ። አራት። በሜትሬ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለካነው፤ ትልቁ 32 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሹ 8፤ 32ን ለ8 ስታካፍይ አራት። እኔም ለዓመታት ስረግጠው ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ያንን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ስታው አላየሁም።

ጨርቅ ሲቆረጥ በማየት ብቻ ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው የለም። ሳይንሱም እንደዚያው ነው። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ቬሪታሲየም የሚባለውን የሳይንስ ቻናል የመሠረተው ዴሪክ ሙለር፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ያጠናው ይህንኑ ነበር። ጥርት ብሎ የሚያስረዳ ቪዲዮ ያዩ ተማሪዎች ቪዲዮውን ወደዱት፣ ግልጽ ነው አሉ። ውጤታቸው ግን ብዙም አልተነሳም። መጀመሪያ የተለመደውን የተሳሳተ ሐሳብ አንስቶ የሚሞግት ቪዲዮ ያዩት ደግሞ ግራ አጋባን ቢሉም ውጤታቸው የበለጠ ተሻሻለ። ይህን ሳነብ የእህቴ «ግልጽ ነው» ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ወንድምሽ መልሱ ከመነገሩ በፊት ቪዲዮውን ያቁም። ግምቱንና ምክንያቱን ይጻፍ። ከዚያ ይቀጥል። ግምቱ ከተሳሳተ ገጹን አይቅደደው፣ የሚማረው ከእሱ ነው።

እኛ ቪዲዮውንም ስንፈትን ነበር። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል አለ። እህቴ ከኬሚስትሪ መምህሯ ቴርሞሜትር ተውሳ መጣች፤ እግዜር ይስጣቸው። ድስቱን ጣድን። ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 94 አካባቢ ቆመ። እሳት ጨመርን፣ ንቅንቅ አላለም። እኔ ተበላሽቷል አልኩ። እሷ «ቆይ» ብላ መጽሐፏን ገለበጠች። 100 ዲግሪ የሚሆነው በባሕር ወለል ደረጃ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ስንል የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል። 1,800ን ለ300 ስታካፍይ ስድስት። መተማ የኖረች አክስታችን «እዚህ አገር ንፍሮ ቶሎ አይበስልም» ስትል እንስቅባት ነበር። ልክ ነበረች።

አሁን ደግሞ ስለ ነፃ ኢንተርኔት። የትም ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ። እኛ ለተማሪዎች ነፃ ኮምፒውተር አለው የተባለ አንድ ቦታ ሄደን ነበር። ባጃጅ ከፍለን፣ እኔ ሥራ ዘግቼ። እህቴ የኬሚስትሪ ቪዲዮ ከፈተች። ተቆጣጣሪዋ ከኋላ መጥታ ሰው ሁሉ እየሰማ «ፊልም ማየት ከፈለግሽ ፊልም ቤት ሂጂ» አለቻት። ስክሪኑ ላይ የአቶም ሥዕል ነበር! ላስረዳ ብል «ዩቲዩብ ዩቲዩብ ነው» ብላ ዘጋችብን። እህቴ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ዛሬም ሳስታውሰው ሆድ ይብሰኛል። ደንቡ ይህ ከሆነ በር ላይ መለጠፍ ይቻል ነበር። ልጅን ሰው ፊት ማዋረድ ግን ምን የሚሉት ሥራ ነው?

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ማውረድ የጀመርነው፤ በጄም ሆነ። በ2015 ክረምት ሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ሰው ሁሉ ዋይፋይ ያለው ቤት ፍለጋ ሲንከራተት፣ እሷ ሜሞሪ ካርዷ ላይ የመጽሐፉ ምዕራፎች በፎልደር ተደርድረው ነበር። ስለዚህ ዳታ ባለ ጊዜ አውርዱ። ዛሬ አለ ማለት ነገም ይኖራል ማለት አይደለም።

ከቪዲዮ ሌላ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንዱ ፌት (PhET) ነው፤ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሙከራ ማሳያ። ሽቦ፣ ባትሪና አምፖል ራሱ እያገናኘ ያያል። ብዙዎቹ ማሳያዎች አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ላብራቶሪው ለተቆለፈ ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ኮሊብሪ (Kolibri) የሚባል የትምህርት ፕሮግራም ነው። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ ትምህርቱ አስቀድሞ ከገባበት አጠገቡ ያሉ ስልኮች ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ተገናኝተው ያያሉ። የካን አካዳሚ ትምህርቶችም አሉበት። የወንድምሽ ትምህርት ቤት ፈቃደኛ መምህር ካለ ይህን ንገሩት።

የእህቴ ሜሞሪ ካርድ አሁንም እኔ ጋ ነው። የ11ኛ ፊዚክስ ከሞላ ጎደል ሙሉ ነው፤ ኬሚስትሪው ግን ሁለት ምዕራፍ ይጎድለዋል። ወንድምሽ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ። ባዶ ፍላሽ ይዞ ከመጣ እገለብጥለታለሁ፣ ገንዘብ አልቀበልም። ደብተሩን ግን ይዞ ይምጣ፤ ጎማውን እኔ እረግጥለታለሁ፣ እሱ ግምቱን ይጽፋል።