ምንጣፍ አኔሞኒ ደብረ ማርቆስ ላይ ይኖራል ወይ?

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ልድገመው። ከደብረ ማርቆስ የጻፈልን ወንድማችን 200 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ከተሞላ አራት ወር ሆኖታል። ሁለት ክላውንፊሽ (አኔሞኒ ውስጥ የሚጠለሉ ትንንሽ የባሕር ዓሣዎች) ገብተውበታል። አሁን ሰማያዊ ምንጣፍ አኔሞኒ አምሮታል። አኔሞኒ አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው፤ ምንጣፍ የሚባለው ገጹን እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋው ነው። እዚህ ደጋ ላይ ይኖራል ወይ? ከየት ይመጣል? ምን ዓይቼ ልግዛ? ነው የሚለው።

እኔ ዓረብ አገር የጌጥ ዓሣ መሸጫ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በአውሮፕላን የመጣውን ካርቶን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። የሚተርፈውን አኔሞኒ ከማይተርፈው መለየት የዕለት እንጀራዬ ነበር። አሁን ባሕር ዳር ነኝ፤ የራሴ ታንክ አለኝ፣ የሰውም እንከባከባለሁ።

መልሴ፦ ይኖራል። ግን ወንድሜ፣ ለአኔሞኒው ብር ከማውጣትህ በፊት ኮረንቲህንና መንገዱን አስተካክል። እኛ አገር አኔሞኒ የሚሞተው በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ከፍታውን እናንሳ። ፈረንጆቹ የሚጽፉት መመሪያ ላይ ይህን አታገኘውም፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት ዝቅ ያለ አገር ነዋ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ ናት። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ባሕር ጠለል ላይ ቢበዛ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ አንተ ቤት ውስጥ 5 አካባቢ ነው የሚይዘው። ከአራት አንዱ እጅ ከመነሻው የለህም ማለት ነው።

ቀን ቀን ብዙም አይታወቅህም። አኔሞኒው ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች በብርሃን ኦክስጅን ይሠራሉ። ሲመሽ ግን እነሱም እንደሌላው ይተነፍሳሉ። እንግዲህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ኮረንቲ ሄደ በል። ፓምፑ ቆመ፣ የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣው ስኪመር ቆመ፣ አንተ ተኝተሃል። ታች አገር ያለ ሰው ትንሽ ጊዜ ይኖረዋል። አንተ ያን ያህል የለህም።

መፍትሔው ቤት አያስሸጥም። በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠራና ባትሪ የሚቀበል የውሃ ማዘዋወሪያ ፓምፕ ግዛ። ይህም ካልሆነ በፓወር ባንክ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ትበቃለች። ዋናው ነገር የውሃው ገጽ መናወጡ ነው። ሂተሩን ግን ከባትሪው ጋር አታገናኘው፤ ቶሎ ጨርሶ ባዶ ያስቀርሃል። ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ አለልህ። የታንኩን ጎንና ጎን ጠቅልለው፣ ከላይ ግን ክፍት ይሁን። 200 ሊትር ውሃ ቶሎ አይበርድም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እንኳ ቢሆን። ሁሉን ካዘጋጀህ በኋላ አንድ ቀን ማታ ራስህ ቆጣሪውን አጥፋና ቁጭ ብለህ እይ። ፓምፑ ራሱ ካልተነሣ አኔሞኒ ለመግዛት ጊዜው አልደረሰም።

ስለ ጨው ደግሞ ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ። የአፋር ጨው አይሆንም ወይ? አይሆንም። እሱ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ ውስጥ በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየም፣ ከ400 በላይ ካልሲየምና ሌላም ብዙ ነገር አለ። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ነው የምትገዛው። ለ200 ሊትር 7 ኪሎ ተኩል ያህል ይፈጃል። የጨዉን መጠን በሪፍራክቶሜትር (በጨው መለኪያው) ለካ፤ 1.025 ወይም 1.026 ላይ አቁመው። በጋ ላይ ውሃው በትነት ሲጎድል የምትሞላው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም።

ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ ላጠራቅም የሚል አይጠፋም። ከቆርቆሮ ጣራ የወረደ ከሆነ ተወው። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክና መዳብ አኔሞኒን የሚገድሉት በጣም በትንሹ ነው። የቧንቧውን ውሃ በአርኦ ማጣሪያ (ውሃውን በስስ ሽፋን ገፍቶ በሚያጠራው) አሳልፈህ ተጠቀም።

አሁን ወደ እንስሳው። በምንጣፍ ስም የሚሸጡት ትልልቆቹ ሦስት ናቸው። ሃዶኒ አሸዋ ላይ ይኖራል። እግሩን ቀብሮ ገጹን ይዘረጋል፤ ሲነካ አሸዋው ውስጥ ይገባል። ጂጋንቲያ ብዙ ብርሃንና ጠንካራ የውሃ ጉልበት ይፈልጋል። ጣቶቹ ረዘም ያሉ ናቸው፣ አያርፉም፣ ይርገበገባሉ። ከሥር ገልብጠህ ካየኸው ግንዱ ላይ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ነቁጦች አሉት፤ የሃዶኒ ግን ከቆዳው አይለይም። ሻጮች ሁለቱን ያምታታሉ፤ ይህችን ምልክት ያዝ። ሦስተኛው መርተንሲ ነው። ከ1 ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ለቤት አይታሰብም። ከሦስቱ ለጉዞም ለኑሮም የሚሻለው ሃዶኒ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሃዶኒ ዓሣ በላ ነው። ማታ ተሳስቶ የነካውን ዓሣ ሲውጥ አይቻለሁ። ከክላውንፊሽ በቀር ሌላ ዓሣ አብረህ አታስገባ።

ምን ዓይቼ ልግዛ ላልከው፣ ቀለሙን መጨረሻ ላይ እይ። መጀመሪያ አፉን። መሐል ላይ ያለው አፍ ተከርችሞ መዘጋት አለበት። ከፍቶ ውስጡ ከታየህ ወይም ነጭ ነገር ከተፋ ትተህ ውጣ። ቀጥሎ እግሩን። ከታች ያለው ሥጋ ሲነቀል ተቀዶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይድንም። የሻጩ ታንክ ላይ መስታወቱን ወይም ድንጋዩን አጥብቆ መያዝ አለበት። ሦስተኛ፣ ይጣበቃል ወይ? ጤነኛ ምንጣፍ በጓንት ስትነካው ልብስህ ላይ እንደተያዘ ጭጎጎት አልለቅ ይላል። ጣትህን ስትስብ ሥጋው አብሮ ይሳባል፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየላላ ይለቅሃል። የማይጣበቅ ምንጣፍ የደከመ ምንጣፍ ነው። በባዶ እጅ ግን አትሞክር፤ ስስ ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል።

ከዚያ ቀለም። ነጭ አኔሞኒ ውብ አይደለም፤ አልጌውን የጣለና የሚራብ ነው። እንደ ቀለም እስኪርቢቶ የሚያበራ ቢጫ ካየህ ደግሞ ምናልባት ቀለም ተነክሮ ነው የመጣው። እንዲህ ዓይነት ጉድ ካርቶን ውስጥ ደጋግሞ ይመጣ ነበር። እውነተኛ ሰማያዊ አለ፣ ግን ውድ ነው። አረንጓዴውና ቡናማው በጤና አያንሱም፤ እኔ ብሆን ለመጀመሪያ አረንጓዴ እገዛለሁ።

ከየት ይመጣል ላልከው፣ ጎጃም ውስጥ ሱቅ ገብተህ የምታነሣው ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ያሉት ሱቆችም በአብዛኛው የጨዋማ ሳይሆን ጨው የሌለው ውሃ ዓሣ ነው የሚይዙት። ስለዚህ በአስመጪ ታዛለህ። የማስገቢያ ፈቃዱንና የእንስሳት ጤና ወረቀቱን አስመጪው ከግብርናው መሥሪያ ቤት ቀድሞ ይጨርስ። አኔሞኒ የመጥፋት ሥጋት ያለባቸውን ፍጥረታት ንግድ በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይቲስ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ የለም። ድንጋያማ ኮራልና ኮራል የተሠራው ድንጋይ ግን አሉበት። ሻጩ አኔሞኒውን ኮራል ድንጋይ ላይ እንደተጣበቀ ከላከው ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ከሌለ ኤርፖርት ላይ ይቀራል። ይህን አስቀድመህ ተናገር።

ትልልቆቹ ምንጣፎች እንደ ሌሎቹ አኔሞኒዎች ቤት ውስጥ ተከፍለው አይራቡም ማለት ይቻላል። የሚመጡት ከባሕር ነው፤ ከኢንዶኔዥያ፣ ከቬትናም፣ ከአውስትራሊያ። ባሕር ውስጥ አሥርተ ዓመታት የሚኖር ፍጡር ነው። ስለዚህ እንደደረሰ አትቀበል። ሻጩ ጋ ሁለት ሳምንት ይቀመጥልህ። ቀብድ ክፈልና በሁለተኛው ሳምንት ሽሪምፕ ሲበላ የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቅ። የማይልክ ሻጭ ይቅርብህ።

አሁን መንገዱ። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉ ላይ ዓባይ በረሃ አለ። ጎሐ ጽዮን ላይ ብርድ ነው፣ ድልድዩ ጋ ትቀልጣለህ፣ ደጀን ስትወጣ ደግሞ ብርድ። ፎም ሳጥን ውስጥ ካልሆነ አኔሞኒው ይህን ሁሉ በከረጢት ውሃ ነው የሚቀበለው። ጎሕ ሲቀድ ተነሣ፣ ፀሐይ ሳይከር በረሃውን እለፍ። ሳጥኑን ፖርቶ መጋላ ላይ እንዳታስጭን፤ ጋቢናም ከሆነ ከሞተሩ ራቅ አድርገው። ብቻውን በድርብ ከረጢት ይታሸግ። ባሕር ጠለል ላይ የታሸገ ከረጢት እኛ ጋ ሲደርስ ተነፍቶ ታገኘዋለህ፤ አትደንግጥ፣ ግፊቱ ስለቀነሰ ነው። አዲስ አበባ ላይ እንደገና ቢታሸግ ይሻላል።

ቤት ስትደርስ የታንኩን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ከከረጢቱ ውሃ ጋር ማላመድ የሚሉት፣ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ውስጥ አትግባ። ረጅም መንገድ የመጣ ከረጢት ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሟል። ከረጢቱ ተከፍቶ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ የውሃው ፒኤች ይጨምራል (አሲድነቱ ይቀንሳል)፣ ያኔ አሞኒያው መርዝ ይሆናል። ከረጢቱን ሳትከፍት ታንኩ ላይ አንሳፍና ሙቀቱን አመሳስል። ከዚያ ክፈትና ቶሎ አውጣው። የከረጢቱን ውሃ ድፋው።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ኤልኢዲውን ደብዘዝ አድርገው፣ ምግብም አትስጥ። እግሩ ሲይዝ የጥፍርህን ያህል ሽሪምፕ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ቀረሶ ዓሣ በቅርብ ስለሚገኝ ይቀናሃል፣ አንዳንዴ ቢሆን ግድ የለም፤ ግን ከባሕር የመጣ ምግብ ይሻላል። አልፎ አልፎ ኩምትር ብሎ እንደገና ቢነፋ ቆሻሻውን እያወጣ ነው። በቀን ደጋግሞ እየኮመተረ አፉ ከተከፈተ ግን ኢንፌክሽን ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ይህንን ሲፕሮፍሎክሳሲን በሚባለው አንቲባዮቲክ ያክማሉ፤ በተለየ ትንሽ ታንክ፣ በጨለማ፣ ውሃውን በየቀኑ እየቀየሩ። ዋናው ታንክ ውስጥ እንዳታደርገው፤ የማጣሪያህን ባክቴሪያ ይጎዳብሃል። ቤት የተረፈ ክኒን ፈልገህም አትጀምር። ከመሸመትህ በፊት እዚህ ጻፍልን፣ መጠኑን አብረን እናያለን። ሸቶ መበጣጠስ ከጀመረ ደግሞ በዚያው ሰዓት አውጣው፤ ካደረ ዓሣዎቹንም ይዞ ይሄዳል።

ወደ አንተ ታንክ ስመጣ ግን እውነቱን ልንገርህ። አሁን አይሆንም። ሃዶኒ ሲያድግ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሰፋል፤ ያንተ ወርድ 40 ነው። መስታወት ለመስታወት ይጣበቅብሃል። አራት ወርም አጭር ነው፤ ታንኩ አንድ ዓመት ይሙላ። ወርዱ ቢያንስ 60 የሆነ ታንክ ካላሠራህ ምንጣፉን ተወውና በብል ቲፕ የሚባለውን ሌላ ዓይነት አኔሞኒ ግዛ። እሱ ቤት ውስጥ ተከፍሎ ስለሚራባ ከሌላ ሰው ታንክ የተገኘ ማግኘት ትችላለህ። ምንጣፍ ካልሆነ አልተኛም ካልክ ደግሞ ሚኒ ካርፔት አለ፤ ትንሽ ነው፣ ቀለሙ ግሩም ነው፣ ክላውንፊሽ ግን አይገባበትም።

ክላውንፊሾችህም ጉዳይ አላቸው። ኦሴላሪስ የሚባለው ዝርያ ከሆኑ ባሕር ውስጥ ከጂጋንቲያና ከመርተንሲ ጋር እንጂ ከሃዶኒ ጋር አይኖሩም፤ ታንክ ውስጥ ግን አንዳንዶቹ ይቀበሉታል፣ አንዳንዶቹ ዞር ብለውም አያዩትም። ክላርኪ የሚባለው ዝርያ ከሆኑ ሁሉም ይስማማቸዋል። እስቲ ፎቷቸውን ለጥፍ። የነጩ መስመር ቁጥርና የጅራታቸው ቀለም በደንብ ይታይ፤ ከዚያ ስለ ዝርያው እንነጋገራለን።