ፎርሙ ላይ የሌለችው ልጅ

ውድ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። የጥገኝነት ማመልከቻዬን የሞላልኝ ሰው 2,800 ዶላር ተቀብሎኝ ዛሬ ስልኬን አያነሳም። ቢሮው ስሄድ በር ላይ ያለችው ልጅ «ዛሬ አልገባም» ትለኛለች፤ መኪናው ግን ከታች ቆማ አያታለሁ።

ፎርሜ የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከእኔ አራት ዓመት ዘግይታ ያመለከተች ጎረቤቴ ቀርባ ወረቀቷን አግኝታለች። እኔ ወርክ ፐርሚት እያሳደስኩ ቁጭ። ስጠይቀው «ኬዝሽ ፔንዲንግ ነው» ከማለት በቀር ቃል የለውም፤ ለማሳደሻው ግን 300 ዶላሩን አይረሳም። የጻፈውን እንኳ የእህቴ ልጅ ያነበበልኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ያኔ «እዚህ ፈርሚ» ያለኝ ቦታ ላይ ፈርሜ ወጣሁ። ልጅ የላትም ይላል፤ «ለምን ጥለሽ መጣሽ ይሉሻል፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» ብሎኝ ስለነበር እሱ አልገረመኝም። የሚያንገበግበኝ ገንዘቤ ነው።

ልጄ አዲስ አበባ እናቴ ጋ ናት። ፎርሙ ሲገባ 14 ዓመቷ ነበር፣ በሚቀጥለው ወር 21 ይሞላታል። ሽማግሌም ተልኮባታል፤ ተመስገን፣ ከጨዋ ቤተሰብ ነው።

አሁን የኢንተርቪው ቀጠሮ መጣልኝ፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሚያስተረጉምልኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ የሱም ኬዝ እንደኔ ገና ስለሆነ ነገሩን ያውቀዋል። እንግዲህ ምን ይመክሩኛል? ከዚሁ ሰውዬ ጋር ልጨርስ ወይስ የከፈልኩትን ትቼ ጠበቃ ልያዝ?

የደከመኝ፣ ከሜሪላንድ

*

እህቴ፣

ጠበቃ ያዢ። እሱ በዚህ ያልቃል። እኔን ያስደነገጠኝ ሽማግሌ ተልኮባታል ያልሽው ነው።

ጥገኝነት ሲፈቀድልሽ በሁለት ዓመት ውስጥ አይ-730 የሚባለውን ፎርም አስገብተሽ ልጅሽን ማምጣት ትችያለሽ። 21 መሙላቷ አያስጨንቅሽ፤ ዕድሜዋ የሚቆጠረው ያንቺ ማመልከቻ በገባበት ቀን ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ ዛሬም 14 ናት። ነገር ግን ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ስሟ ማመልከቻሽ ላይ መግባት አለበት። እሷም አይ-730ው ሲገባ፣ ሲወሰንና አሜሪካ ስትገባ ያላገባች መሆን አለባት። «ማዘጋጃ ሳትፈርም ሠርጉን ብቻ እንደግስ» የሚልሽ አይጠፋም። አትስሚው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በባህልም በሃይማኖትም የተፈጸመውን ጋብቻ ጋብቻ ይለዋል።

አሁን ልቆጣሽ። ለገንዘብሽ ይህን ያህል ስትቃጠዪ ልጅሽ ከወረቀት መሰረዟን በአንድ መስመር አለፍሻት። «ለምን ጥለሽ መጣሽ» ይሉሻል ያለሽ ሰው ሥራውን የማያውቅ ነው። ፎርሙ ራሱ ልጆችሽን በሙሉ፣ የትም ይኑሩ የት፣ በስም ይጠይቃል። መጨረሻው ላይ «የጻፍኩት እውነት ነው፣ ብዋሽ በሕግ ልጠየቅ» ከሚለው ሥር ያለው ፊርማ ደግሞ ያንቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው የአሜሪካ ሕግ ወዲህ መርማሪው ከደረሰብሽ በደል ጋር የማይገናኝ ልዩነት እንኳ ቢያገኝ አላምንሽም ለማለት ይችላል።

ይስተካከላል ግን። የልጆች ዝርዝር ያለበት ገጽ እንደገና ተሞልቶ፣ ስሟ ለምን እንደቀረ የሚገልጽ አንድ ገጽ ቃልሽ ይያያዝበት፤ ማን ምን እንዳለሽ ሳታስጌጪ ጻፊ። የልደት የምስክር ወረቀቷን፣ የክርስትና ካርዷን፣ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርዷንና ገንዘብ የላክሽበትን ደረሰኝ ሰብስቢ። በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ ሙሉ ትርጉም ይፈልጋል፤ ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ የተሟላና ትክክል እንደሆነ ጽፎ ይፈርምበታል። ኖተሪ ያስፈልጋል ብሎ ተጨማሪ የሚያስከፍልሽ ካለ አትክፈዪ። ኢንተርቪው ላይ መርማሪው ከፎርሙ ጥያቄዎች ይጀምራል፤ እርማት አለኝ ብለሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ሳይጠይቁሽ ያረምሽውና ከተያዝሽ በኋላ ያመንሽው እኩል አይታዩም።

ደግሞ ማመልከቻውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ይነበብልሽ፣ በተለይ ቀኖቹ። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠለፈው በዘመን አቆጣጠር ነው። የካቲት 12 ቀን 2010 ማለት ፌብሩወሪ 19 ቀን 2018 ነው። ግዴለሽ ፎርም ሞይ ግን የካቲት ስድስተኛ ወር ነው ብሎ፣ ሰባት ዓመት ደምሮ፣ ጁን 12 ቀን 2017 ይልሻል፤ ስምንት ወር ወደ ኋላ! ሰባት የሚደመረው ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ድረስ ላለው ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው።

የእህትሽን ልጅ ቤት ተዪው። አስተርጓሚሽ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው፣ ጠበቃሽም ምስክርሽም ያልሆነ፣ የራሱንም የጥገኝነት ማመልከቻ አስገብቶ ገና ኢንተርቪው የሚጠብቅ ያልሆነ መሆን አለበት። ብቁ አስተርጓሚ ሳትይዢ ብትሄጂ እንደቀረሽ ሊቆጠርብሽ ይችላል።

ጎረቤትሽ ስለቀደመችሽ ግን ሰውዬውን አትውቀሺ። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ አዲስ የገባው ማመልከቻ ቀድሞ እንዲታይ ስለተወሰነ የቆየው ወደ ኋላ ይገፋል።

ጠበቃ ስትመርጪ ፈቃዱን በሰጠው ግዛት ይፋዊ የጠበቆች መዝገብ ላይ አጣሪ። ውክልናውን የሚያሳውቀውን ጂ-28 ፈርሞ እንደሚያስገባና ኢንተርቪው ላይ አብሮሽ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ያረጋግጥልሽ። የሰዓት ክፍያው ከከበደሽ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዕውቅና የሰጣቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተወካዮች አሉ። ከሰውዬው የፋይልሽን ሙሉ ቅጂ በደብዳቤ ጠይቂ። በክፍያ የሞላ ሰው ፎርሙ መጨረሻ ላይ ስሙን ጽፎ መፈረም ነበረበት፤ ቦታው ባዶ ከሆነ ያንን ለጠበቃሽ አሳዪ። ጠበቃሽ ጊዜ ካነሰው ቀጠሮው እንዲለወጥ ምክንያቱን ገልጦ ቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ዝም ብለሽ እንዳትቀሪ።

ዛሬ ማታ ግን መጀመሪያ የምትደውዪው ለጠበቃ አይደለም። አዲስ አበባ ሳይነጋ አይቀርም፣ ልጅሽን ቀስቅሻትና ሁሉንም ንገሪያት። ማግባት ከፈለገች መብቷ ነው፤ ምን እንደምታጣ ግን አውቃ ትወስን። እናትሽም ሽማግሌዎቹን በወጉ አስተናግደው ራቅ ያለ ቀጠሮ ይስጧቸው።