መልስ፦ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ "ጠቅ ጠቅ" ይላል፣ ተበላሽቶ ይሆን?
ወንድሜ፣ በሃብ (አንዱን የዩኤስቢ ፖርት ወደ ብዙ በሚያበዛው ዕቃ) ስትሰካው መብራቱ እየበራ "ጠቅ ጠቅ" ብቻ ይላል ብለሃል። ገና ተስፋ አትቁረጥ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የኃይል ማነስ ነው። ዩኤስቢ 2.0 ፖርት በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ 3.0 ግን እስከ 900 ይሰጣል። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ደግሞ ከወትሮው የበለጠ ይስባል። ኃይሉ ሲያንሰው ያቆምና እንደገና ይሞክራል። ድምፁ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ሃቡን ተውና በአጭር ኬብል ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ባለው ፖርት ሞክር። ሃብ የግድ ካስፈለገህ የራሱ አዳፕተር ያለውን ግዛ። ይሄ ሁሉ ለትንሹ፣ ለ2.5 ኢንቹ ነው። ትልቁ 3.5 ኢንች 12 ቮልት ስለሚፈልግ ያለ አዳፕተሩ አይነሳም።

በሌላ ኮምፒውተርም ድምፁ ካልጠፋ ግን እባክህ ደጋግመህ አትሰካው፤ ፋይሎችህ ይበልጥ ሊጎዱ ይችላሉ።