በእናትነቷ አርባን ሲን የሚያክላት የለም

«ሮጣም ያሸነፈች፣ ወልዳም ያሸነፈች ቶሮብሬድ (ለሩጫ ውድድር የሚረባ የፈረስ ዘር) ባዝራ አለች ወይ?» ላልከው ወንድሜ፣ እኔ ሳላመነታ አርባን ሲ ነው የምልህ።

እ.ኤ.አ. በ1993 ፓሪስ ላይ አርክ ደ ትሪዮምፍ የተባለውን ትልቅ የፈረስ ውድድር ስትሮጥ ከቁም ነገር የቆጠራት ጥቂት ነው። ውርርዱ 37 ለ1 ነበር። ኤሪክ ሴንት ማርቲን ጋልቧት ዋይት መዝል የተባለውን ፈረስ በአንገት ልዩነት ቀደመች።

ዋናው ጉድ ግን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጇ ጋሊልዮ በ2001 የእንግሊዙን ታላቅ ውድድር የኤፕሰም ደርቢን ወሰደ። ለዘር ሲውል ደግሞ በብሪታንያና በአየርላንድ ልጆቹ ባሸነፉት የሽልማት ገንዘብ 12 ጊዜ የድንጉላዎች ቁንጮ ሆነ። 14 ጊዜ ሮጦ አንዴም ያልተሸነፈው ፍራንክል የእሱ ልጅ ነው። ለእሷ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው እንግዲህ!

ሌላው ልጇ ሲ ዘ ስታርስ በ2009 ከሜይ እስከ ኦክቶበር በየወሩ አንድ፣ በድምሩ 6 ታላላቅ ውድድሮችን አሸነፈ። የመጨረሻው እናቱ ያሸነፈችው አርክ ነበር። እሷ ግን በዚያው ዓመት ማርች ላይ ውርንጭላ ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞታ ነበር። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል።

«የአባቶቹ ዘር ነው» የሚሉህን አትስማ። የጋሊልዮ አባት ሳድለርስ ዌልስ፣ የሲ ዘ ስታርስ ኬፕ ክሮስ ነው። የሚያገናኛቸው እናታቸው ናት። ደግሞ ድንጉላ በዓመት ከመቶ በላይ ውርንጭላ ሊያስወልድ ይችላል፤ ባዝራ ግን አንድ ብቻ ነው የምትወልደው።

ጊዜ ካለህ የአርባን ሲን እናት አሌግሬታንም ፈልጋት። በ2000 ጊኒስ የተባለውን የእንግሊዙን የኒውማርኬት ውድድር ያሸነፈውን ኪንግስ ቤስትን የወለደችው እሷ ናት።