እናትሽ ለምን ዘገዩ?

ጥያቄው የመጣው ፍራንክፈርት ከምትኖር የ42 ዓመት እህታችን ነው። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«እናቴን ካየኋት 9 ዓመት ሆኖኝ ነበር። ዘንድሮ ቪዛዋ ተሳካና ከደብረ ብርሃን መጣች። ደስ ይበላት ብዬ ያጠራቀምኳትን አውጥቼ፣ ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር የ6 ቀን የአውቶቡስ ጉብኝት ሄድን። ፉሰን፣ ኦበራመርጋው፣ ጋርሚሽ፣ ኢንስብሩክ፣ ሳልዝቡርግ፣ መጨረሻ ላይ ኮኒግስዜ ሐይቅ። እናቴ ፍልሰታን ስለምትጾም የሆቴሉን እራት አትነካም። ዳቦና ሰላጣ ብቻ። ሱግሽፒትስ ተራራ አናት ላይ በኬብል ካር ወጥተን ‹ይሄማ የኛው ብርድ ነው› አለችና ዝም። የ15 ዓመቱ ልጄም ማዳመጫውን ሰክቶ ቀኑን ሙሉ ዝም። ኦገስት 15 ኢንስብሩክ ላይ የአንድ ሰዓት ነፃ ጊዜ ተሰጠን። ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ‹ወርቃማው ጣሪያ› የሚባለው የከተማው ታዋቂ ሕንፃ ሥር ተሰበሰበ። እናቴ የለችም። ያ ሁሉ ሰው 25 ደቂቃ ቆሞ ጠበቀን። አስጎብኚዋ ሰዓቷን ታያለች። በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ቅጠልና አበባ ይዛ ቀስ እያለች መጣች። ጮኽኩባት። በልጆቼ ፊት፣ በሰው ፊት። ‹እንደ ሕፃን እጅሽን ይዤ ልዙር? ስንት ገንዘብ እንደወጣበት ታውቂያለሽ?› አልኳት። ከዚያ ወዲህ ‹ምንም አልሆንኩም ልጄ› ከማለት በቀር አታወራኝም። ስትስቅ ያየኋት አንድ ጊዜ ነው። ሐይቁ ላይ ጀልባ ነጂው ጥሩምባ ነፍቶ ገደሉ ሲመልስለት። እሱንም ከልጄ ጋር ነው የሳቀችው። እንቁጣጣሽን እዚህ ውላ ትመለሳለች። ጸጸቱ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ግን ደግሞ ተናድጃለሁ። ምን ላድርግ?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እናትሽ ለምን እንደዘገዩ አልጻፍሽም። ረስተሽው አይመስለኝም። እስካሁን አልጠየቅሻቸውም።

እስቲ ስለዚያ ቀን የማውቀውን ልንገርሽ። ኦገስት 15 ካቶሊኮች የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩበት ቀን ነው። በኦስትሪያ ሥራ ዝግ ነው፤ ኢንስብሩክ ባለችበት በቲሮል ክልል ደግሞ ከትልልቆቹ በዓላት አንዱ ነው። በዚያ ቀን የተራራው አገር ሴቶች ከጓሯቸውና ከመስኩ የለቀሙትን ለመድኃኒት የሚሆን ቅጠልና አበባ አንድ ላይ አስረው ቤተ ክርስቲያን ይወስዳሉ። ቄሱ ይባርከዋል። ከዚያ ቤታቸው ወስደው ያደርቁታል። ከወርቃማው ጣሪያ ጥቂት እንደተራመድሽ የቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል አለ። ዋናው መንበር ላይ ሉካስ ክራናኽ የሣላት፣ ልጇን ያቀፈች እመቤታችን አለች።

በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ነሐሴ 9 ነው። እናትሽ ጾም ላይ ናቸው፤ ያውም የእሷን ጾም። ቅዳሴ ካስቀደሱ ቀናት አልፈዋል። ቋንቋው በማይገባቸው ከተማ መሐል ቆመው፣ ቅጠል የታቀፉ ሴቶች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አዩ ይሆናል። ተከትለው ገቡ ይሆናል። አንዷ ከእጇ ከፍላ ሰጠቻቸው ይሆናል። ይሄ የእኔ ግምት ነው፤ እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ግምቴ ልክ ከሆነ ግን ከስድስቱ ቀን ውስጥ እናትሽ ራሳቸው የመረጧት ጊዜ ያቺ 25 ደቂቃ ናት።

አንቺን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምልሽ። መዘግየቱ ቀላል ነገር አልነበረም። የአውሮፓ ሕግ ሹፌሩ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድደዋል። በቀን የሚነዳውም በመደበኛው ከ9 ሰዓት አይበልጥም። አንድ ቦታ ላይ የባከነ ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ይጎድላል። አስጎብኚዋ ሰዓቷን ያየችው ለዚህ ነው። ደግሞ አንቺ ጀርመን አገር የምትኖሪ ስደተኛ ነሽ። «እነዚህ ሰዎች ሰዓት አያከብሩም» እንዳትባይ ስንት ዓመት ተጠንቅቀሻል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ጊዜ ሲናድ ደነገጥሽ። አፈርሽ። ጩኸትሽ ከእናትሽ ይልቅ ለሚያዩሽ ሰዎች የተነገረ ይመስለኛል፤ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ለማለት። የተመቱት ግን እናትሽ ናቸው።

ስለ ንዴትሽም እናውራ፤ እሱን አትደብቂው። 9 ዓመት አላየሻቸውም። በዚህ መሐል ታመው ይሆናል፣ ለቅሶ ደርሰው ይሆናል፣ ብቻቸውን በዓል ውለው ይሆናል። አንቺ በስልክ ነበርሽ። ልጅ ሆኖ ይህ የማያንገበግበው የለም። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመቱን በስድስት ቀን ልትከፍዪ ተነሳሽ። ግንቡን፣ ሐይቁን፣ ተራራውን ሁሉ ደረደርሽላቸው። ከዚያ ፊታቸውን ማየት ጀመርሽ። ደስ አላቸው? ገረማቸው? ፊታቸው ላይ የፈለግሽው ደረሰኝ ነው፤ «ተከፍሏል» የሚል። እሳቸው ደግሞ «ይሄማ የኛው ብርድ ነው» አሉ።

እንደ ስድብ ሰማሽው። እኔ ግን ሳነበው ፈገግ አልኩ። ሱግሽፒትስ ከጀርመን ተራሮች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ 2,962 ሜትር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እናትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጀርመን ጣሪያ የሚያህል ቦታ ላይ ቡና ሲያፈሉ ኖረዋል። ያሉት እውነት ነው። ምናልባትም «እዚህስ አገሬ ያለሁ መሰለኝ» ማለታቸው ነበር። በዚያ ሰዓት «እስቲ እማዬ፣ በምን ይመሳሰላል?» ብትያቸው ወሬው ይከፈት ነበር።

አውቶቡስ ለወሬ አይመችም። ሁሉም ፊቱን ወደፊት አዙሮ የሚያየው የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ነው። ፊት ለፊት የምትቀመጡት እራት ላይ ነው፤ እራቱ ደግሞ እናትሽ የማይበሉት ነው። (ለሌላ ጊዜ፣ ሆቴሉ ቀድሞ «ቬጋን»፣ ማለትም ሥጋም ወተትም እንቁላልም የሌለው፣ ቢባል ኩሽናው ያዘጋጃል። ይሄ በስልክ የሚያልቅ ነገር ነው።) ጠብ ቢነሳ እንኳ መታረቂያ ሰዓት የለም፤ ቀጣዩ ከተማ ይጠብቃል። እናንተም ቅያሜያችሁን እንደ ሻንጣ ጭናችሁ ሳልዝቡርግ ገባችሁ።

አሁን ወደ ቤት ተመልሳችኋል፤ ጊዜ አለሽ። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እናቶችንና ሕፃናትን ለዓመታት አጥንቷል። የሚዋደዱት እናትና ልጅ እንኳ በየጊዜው ሳይግባቡ እንደሚቀሩ አይቷል። ዝምድናውን የሚያቆመው ከዚያ በኋላ የሚደረገው ጥገና ነው። ሕፃን ላይ የታየ ቢሆንም እኔ በሥራዬ የ42 ዓመት ልጅና የ70 ዓመት እናት ላይም አይቸዋለሁ።

ስለዚህ ይቅርታ ጠይቂ። ልጆቹ ባሉበት ይሁን፤ ሲጮኽባቸው ያዩት እነሱ ናቸው። ጉልበታቸውን ስመሽ «እማዬ፣ ኢንስብሩክ ላይ በሰው ፊት ጮኽኩብሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ» በያቸው። እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን እኮ አንቺም...» ብለሽ እንዳትቀጥዪ። ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አታንሺ። እናትሽ «ተይው ልጄ፣ እኔ ምንም አልያዝኩም» ይሉሻል፤ እናቶቻችን እንዲህ ናቸው። ያን ሰምተሽ ተነስተሽ አትሂጂ። ቁጭ በይ። ቡናው ይፈላ። ዝም ቢሉ ዝምታውን ታገሺው፤ እንባም ቢመጣ ይምጣ።

ስለ ልጅሽ ብዙ አልልም። ጉብኝቱ ላይ አያቱ የሳቁት ከእሱ ጋር ነው። የኮኒግስዜ ጀልባዎች እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው፤ ድምፅ የላቸውም። ነጂው አቁሞ ጥሩምባውን ሲነፋ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የገደሉን መልስ ይጠብቃል። ልጅሽም ለዚያች ደቂቃ ማዳመጫውን አውልቋል ማለት ነው። በጉዞው ያነሳቸው ፎቶዎች ካሉ ከአያቱ ጎን ተቀምጦ አንድ በአንድ ያሳያቸው። አማርኛው ቢሰባበርም ችግር የለውም። አንቺ መሐል አትግቢ፣ አትተርጉሚላቸው።

ከይቅርታው በኋላ፣ ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ፣ «እማዬ፣ የዚያን ቀን የት ነበርሽ? ቅጠሉንስ ማን ሰጠሽ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሚነግሩሽ እኔ ከገመትኩት ፈጽሞ የተለየ ሊሆን ይችላል። ሳታቋርጪ እስከ መጨረሻው ስሚያቸው።