ሰከንድ «ሁለተኛ» ከሆነ አንደኛው የታለ?

ጥያቄ፦ ሰባተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለኝ። ሰሞኑን ሒሳብ ሳስጠናው «እማ፣ ሰከንድ በእንግሊዝኛ ሁለተኛ ማለት አይደል? ታዲያ የሰዓቱ ሰከንድ የምን ሁለተኛ ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ለመሆኑ ለሰከንድ የራሳችን ቃል የለንም?

መልስ፦ ልጅዎ ጎበዝ ነው። እኔ ይህ ጥያቄ የመጣልኝ ጎልምሼ ነው።

አንደኛው አለ፤ ደቂቃ ነው። የጥንት ባቢሎናውያን ሲያሰሉ በ60 በ60 ይከፋፍሉ ነበር። የግሪክ የከዋክብት ሊቃውንት ይህን ወርሰው ዲግሪን ለ60፣ የወጣውን ደግሞ እንደገና ለ60 ከፈሉት። በመካከለኛው ዘመን ይኸው አከፋፈል ለሰዓትም ውሎ በላቲን ሲጻፍ የመጀመሪያው «ፓርስ ሚኑታ ፕሪማ» ተባለ፤ አንደኛዋ ትንሽ ክፍል ማለት ነው። ተከታይዋ «ፓርስ ሚኑታ ሴኩንዳ» ሆነች፤ ሁለተኛዋ ትንሽ ክፍል። ረጅም ስም መቼም አፍ ላይ አይበረክትም። ከመጀመሪያዋ «ትንሽ» የሚለው ብቻ ተረፈና ሚኒት ሆነ። ከተከታይዋ «ሁለተኛ» የሚለው ብቻ ተረፈና ሰከንድ ሆነ። አንዱ ቁጥሩን ጣለ፣ ሌላው ይዞ ቀረ። ልጅዎን ግራ ያጋባው ይኸው ነው። ሦስተኛና አራተኛም ነበሩ፤ እንግሊዛዊው ሊቅ ሮጀር ቤከን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጨረቃ የምትሞላበትን ሰዓት ሲያሰላ እስከ አራተኛው ድረስ ወርዷል።

ምግብ ቤት የሚሰጡን ሜኑም በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የሚኒት ዘመድ ነው። ትርጉሙ ትንሽ፣ ዝርዝር ነው። ዋጋውን አይጨምርም።

የእኛው «ደቂቃ» ትርጉሙ ከሚኒት ጋር አንድ መሆኑን ልብ ብለዋል? በግዕዝ ደቂቅ ትንሽ ነው፤ ልጆችም ደቂቅ ይባላሉ። ደቀቀ ስንል፣ ዱቄት ስንል ያው ሥር ነው። በዓረብኛም ሚኒት «ደቂቃ»፣ ሰከንድ ደግሞ «ሳኒያ» ነው፤ ሳኒያም ሁለተኛ ማለት ነው።

ሌሎቹም የላቲን የሒሳብ ቃላት እንዲህ ከመሬት የተነሡ ናቸው። ካልኩለስ ጠጠር ነው። ሮማውያን በጠጠር ይቆጥሩ ነበር። ሐኪሞችም የኩላሊት ጠጠርን እስከዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ፍራክሽን «መስበር» ከሚል ግሥ ነው የመጣው፤ የአጥንት ስብራቱ ፍራክቸር ወንድሙ ነው። እኛ «ክፍልፋይ» ማለታችን ይሻላል፤ ቢያንስ ማንም አይጎዳም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ቃሉስ አለን። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቀመር፣ አንድ ቀን 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ 60 ካልኢት፣ አንዷ ካልኢት 60 ሣልሲት እያለ ይቀጥላል። ካልኢት ማለት ሁለተኛ ማለት ነው፤ ቁርጥ ሴኩንዳን! የዘመን ቀመራችን ከእስክንድርያ ጋር ዝምድና ስላለው ብዙም አይገርምም። (በዐይኑ ዐ «ካልዒት» ተብሎም ተጽፎ ያገኙታል። ግዕዙ «ካልእ» ስለሆነ እኔ በአልፋው አ እጽፈዋለሁ።)

ታዲያ ሰከንድን ካልኢት እንበለው? እኔ አልልም። ካልኢት የራሷ ልክ አላት፣ ከሰከንድም ትረዝማለች። «አንድ ሰከንድ ጠብቂኝ» የሚለውን ሰው «አንድ ካልኢት» አስብለን ሁለት ልክ ከምናደባልቅ፣ ሰከንድ እንደለመደብን ይቆይ። ለልጅዎ ግን ይንገሩት። ሙሉ ቀኑን ለ60 ያካፍል፣ የወጣውን እንደገና ለ60። 24 ሰከንድ ካልመጣለት ማካፈሉን አንድ ጊዜ ይዩለት።