ያለ አይ ትራከር የዓይን እንቅስቃሴን ማጥናት፦ ለማስተርስ ተማሪዋ መልስ

ሰላም እህቴ። ሌሎቻችሁም እንድትከታተሉት ጥያቄዋን ባጭሩ ልድገመው። ለመመረቂያ ጽሑፏ ባሕር ዳር ውስጥ በአዋቂዎች ላይ የዓይን እንቅስቃሴና የአንጎል ሥራ ያላቸውን ግንኙነት ልታጠና ነው። የዓይንን እንቅስቃሴ የሚከታተለው መሣሪያ፣ አይ ትራከር፣ የላትም፤ ላፕቶፕና ስልክ አላት። የሳኬድ ማለትም የዓይን ዝላይ ፍጥነት መለካት ትፈልጋለች፤ ከቻለችም አማርኛ ሲነበብ ዓይን እንዴት እንደሚሄድ ማየት። «በላፕቶፕ ካሜራ ዓይን የሚከተለውን ሶፍትዌር አውርጂና ጀምሪ» ያሏት ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ከፍጥነቱ እንጀምር፤ ተይው። ሳኬድ ማለት ዓይን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው የሚወረወርበት እንቅስቃሴ ነው፤ 10 ዲግሪ የሚሄደው 50 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። የላፕቶፕሽ ካሜራ በሰከንድ 30 ምስል ነው የሚያነሳው፤ በሁለት ምስሎች መካከል 33 ሚሊሰከንድ አለ። ከጠቅላላው እንቅስቃሴ የሚደርስሽ አንድ ወይም ሁለት ምስል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ክፍሉ ጨለም ካለ ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ሲል ሳይነግርሽ ወደ 15 ምስል ይወርዳል። ከዚህ ከፍተኛ ፍጥነት አሰላሁ ብትይ ፈታኞችሽ አይለቁሽም።

ይህ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የምትለኪው ነገር የትኛውን የአንጎል ክፍል እየጠየቅሽ እንደሆነ ይወስናል። የሳኬድ ፍጥነት የሚመነጨው ከአንጎል ግንድ ነው፦ የአግድሙ ፖንስ ከሚባለው የግንዱ ክፍል፣ የላይና ታቹ ከመሐል አንጎል። ፕሮግረሲቭ ሱፕራኑክሊየር ፖልዚ በሚባለው የአንጎል በሽታ መጀመሪያ የሚዘገየው ላይና ታች የሚሄደው ሳኬድ የሆነው ለዚህ ነው። ሳኬዱ ዒላማውን አልፎ መሄዱ ወይም ሳይደርስ መቅረቱ በአብዛኛው ስለ ሴሬቤለም፣ ከኋላ ስላለው ትንሹ አንጎል፣ ይናገራል። ራስን መግታት ደግሞ የፊተኛው አንጎል ሥራ ነው፤ እሱን ለመለካት ዓይን ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሄደ ማወቅ ይበቃል። አንቺ ባለሽ ዕቃ የሚሠራው ይኸኛው ነው።

ፈተናው አንቲሳኬድ ይባላል፤ ተመራማሪው ሃሌት በ1978 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። መሐል ላይ ያለች ነጥብ ትታያለች፤ ከዚያ ሌላ ነጥብ በቀኝ ወይም በግራ ብቅ ትላለች፤ ተሳታፊው ግን እሷን ትቶ በተቃራኒው በኩል በተመሳሳይ ርቀት ያለውን ባዶ ቦታ ማየት አለበት። በ1985 እ.ኤ.አ. ጊቶንና ባልደረቦቹ የፊት አንጎላቸው የተጎዳ ታካሚዎች ወደ ነጥቧ የሚሳበውን ዓይናቸውን መግታት እንደሚቸገሩ አሳዩ። ጤነኛ አዋቂም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከመቶ 20 አካባቢ ይስታል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሳተ ብለሽ ስለ አንጎሉ ምንም አትደምድሚ።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። ተሳታፊውን ከስክሪኑ 57 ሳንቲሜትር ላይ አስቀምጪ፤ በዚህ ርቀት ስክሪኑ ላይ 1 ሳንቲሜትር 1 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ስሌቱ ይቀልልሻል። ነጥቦቹን ከመሐል 10 ሳንቲሜትር በቀኝና በግራ አድርጊ። ዓይን 10 ዲግሪ ሲዞር ብሌኑ ወደ ጎን የሚንቀሳቀሰው 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በላፕቶፑ ካሜራ፣ በዚያ ርቀት፣ ይህ አራት አምስት ፒክስል ቢሆን ነው። ሰውዬው ጭንቅላቱን 2 ሚሊሜትር ቢያንቀሳቅስም ልክ ዓይኑ 10 ዲግሪ የዞረ ይመስላል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ አናጺ ዘንድ ሄደሽ የአገጭና የግንባር ማስደገፊያ አሠሪ፤ ጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን። ከዚያም አፍንጫ ግንድ ላይ ትንሽ ተለጣፊ ምልክት አድርጊ፤ የምልክቱን እንቅስቃሴ ከዓይኑ ላይ ትቀንሺዋለሽ። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ ነጥቦቹን ብቻ ያሳይ፤ ቀረጻው በስልክ ይሁን፤ ስልኩን ከፊቱ 20 ሳንቲሜትር ላይ፣ ስክሪኑን ሳይጋርድ ከታች ወደ ላይ አዘንብለሽ፣ በስሎው ሞሽን በሰከንድ 240 ምስል።

ስልኩን ሳትፈትሺ አትመኚው። አንዳንድ ርካሽ ስልክ 240 እያለ እውነተኛዎቹን ምስሎች መሐል በራሱ ፈጠራ ይሞላል። የላፕቶፑን ስክሪን በየእድሳቱ ጥቁርና ነጭ እንዲፈራረቅ አድርገሽ ቅረጺው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ በእውነተኛ 240 አራት ምስል ያህል ጥቁር፣ አራት ያህል ነጭ እየተፈራረቀ መምጣት አለበት። ጥቁሩና ነጩ ጭራሽ ሳይለይ ግራጫ ድብልቅልቅ ካየሽ ያንን ስልክ አትመኚው።

ነጥቧ መቼ እንደወጣች ቪዲዮው ላይ መታወቅ አለበት። ከተሳታፊው ፊት ጎን ትንሽ የኪስ መስታወት አጣብቂ፤ ከነጥቧ ጋር እኩል የሚበራ ነጭ ካሬ ከስክሪኑ ግርጌ አድርጊና በመስታወቱ ውስጥ ለካሜራው ይታይ። ተሳታፊው ራሱ እንዳያየው በካርቶን ጋርጂው። ካሬው ከበራበት ዓይኑ እስከተነሳበት ያሉትን ምስሎች ቁጠሪ፤ እያንዳንዱ 4.2 ሚሊሰከንድ ነው። ወደ ነጥቧ ራሷ በሚደረገው ተራ ሳኬድ አማካዩ ወደ 200 ሚሊሰከንድ ማለትም 48 ምስል አካባቢ ካልወጣ ስህተቱ ያለው ከሰዎቹ ሳይሆን ከሰዓት አቆጣጠርሽ ነው። ከ80 ሚሊሰከንድ በፊት የተነሳ ዓይን ገምቶ እንጂ አይቶ ስላልሆነ ይውጣ።

ብርሃን ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የባሕር ዳር ፀሐይ በመስኮት ገብታ ግማሽ ፊት ላይ ካረፈች ቀረጻው ያበቃል፤ ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋል። የመብራት ኃይል አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ሊርገበገብ ይችላል፤ በስሎው ሞሽን ምስሉ ይመታል። በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት ተጠቀሚ፤ መብራት ቢሄድም ሥራሽ አይቋረጥም። የእኛ ሰው ዓይን ጥቁር ቡናማ ስለሆነ በተራ ካሜራ ብሌኑ ከአይሪሱ፣ በዙሪያው ካለው ባለ ቀለም ክብ፣ አይለይም። ስለዚህ መከተል ያለብሽ የአይሪሱንና የነጩን ድንበር ነው፤ ይህም ለአግድም እንቅስቃሴ ብቻ ይሆናል፤ ላይና ታቹን የዓይን ቆብ ይሸፍነዋል። ነገ ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ያለው አይ ትራከር ብታገኚ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቡናማ አይሪስ በኢንፍራሬድ ፈዞ ይታያል፣ ብሌኑ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በዚያ ጊዜ ችግር የሚሆነው ኩል ነው፤ ሶፍትዌሩ ጥቁሩን ኩል ብሌን ነው ብሎ ይከተላል። በትህትና እንዲታጠብ ጠይቂ።

መመሪያው በጥንቃቄ ይነገር። «ነጥቧን አትይ» ብቻ ካልሽ ሰው መሐል ላይ ፈጥጦ ይቀራል። «ነጥቧ በቀኝ ከወጣች ቶሎ ብለህ በግራ ያንኑ ያህል ርቀት እይ፤ ከተሳሳትህ አስተካክል» በይ፤ መጀመሪያ በጣትሽ አሳይተሽ አሥር ጊዜ ያህል አለማምጂ። ከዚያ 60 ተራ ሳኬድ፣ ቀጥሎ በየዙሩ 40 አንቲሳኬድ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ መካከል የአንድ ደቂቃ እረፍት። የመሐሏ ነጥብ ከ1 እስከ 3.5 ሰከንድ በዘፈቀደ ትቆይ፤ ጊዜው አንድ ዓይነት ከሆነ ሰው ምቱን ይለምደዋል። ይህን ሁሉ ሳይኮፓይ በሚባለው፣ በነፃ በሚገኘው የሙከራ መሥሪያ ሶፍትዌር መሥራት ይቻላል።

ስህተቶችን ስትመዘግቢ ዓይኑ ከሳተ በኋላ ተመልሶ መታረም አለመታረሙን ለይተሽ ጻፊ። የታረመ ስህተት መመሪያው እንደገባው ያሳያል፤ መግታቱ ነው ያቃተው። ያልታረመ ስህተት ከበዛ መመሪያው አልገባውም ወይም ሰልችቶታል። እነዚህን አንድ ላይ መደመር ብዙ ጽሑፍ አበላሽቷል።

ከቀረጻው በፊት የዕይታ መጠን በ6 ሜትር ርቀት በ«E» ፊደል ሰሌዳ ለኪ፤ የሚንሸዋረር ዓይን እንዳለም አንዱን ዓይን ሸፍነሽ እዪ። በክልላችን ትራኮማ ብዙ ስለሆነ ኮርኒያው (የዓይኑ ግልጽ የፊት ሽፋን) ላይ ጠባሳ ያለበትን ወይም የሽፋሽፍቱ ፀጉር ወደ ውስጥ የዞረበትን ሰው አታካትቺ፤ ወደ ዓይን ክሊኒክ ላኪው። መድኃኒት ጠይቂ፦ ማረጋጊያው ዲያዜፓም ሳኬድን ያዘገያል፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን ዓይንን ሳይፈልግ ወዲያ ወዲህ ሊያመላልሱት ይችላሉ። አልኮል፣ ጫት፣ ቡናና የእንቅልፍ እጦትም ይመዝገቡ። ስለ ጫት ያለ ወቀሳ፣ ለብቻ ካልጠየቅሽ እውነቱን አታገኚም።

ስታቲስቲክሱ፦ ለጊዜ መለኪያ አማካይ ሳይሆን ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን ቁጥር) ውሰጂ፤ 120 አንቲሳኬድ የሠሩ 30 ሰዎችም 3600 ሰዎች አይደሉም፤ የአንድ ሰው ሙከራዎች የተያያዙ መሆናቸውን የሚያስገባውን ሚክስድ ሞዴል አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሥሪ። የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይወጣ አንድም ሰው አትቅረጺ፤ ቪዲዮው ዓይንና መስታወቱ ብቻ እንዲቀር ተቆርጦ በኮድ ይቀመጥ።

ንባቡን በካሜራ አትሞክሪው። በእንግሊዝኛ አንባቢ ዓይን በአንድ ዝላይ ከ7 እስከ 9 ፊደል፣ በእይታ ማዕዘን 2 ዲግሪ ያህል ይሄዳል፤ የካሜራ ሶፍትዌር ግን በብዙ ዲግሪ ይስታል፤ ቃል ትቶ ቃል ይይዛል። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚይዝ ያንን ቁጥር እንዳለ ማምጣትም አይቻልም። በምትኩ ቃል በቃል በቁልፍ እየገፉ ማንበብን አሠሪ፤ ሳይኮፓይ በየቃሉ የቆዩበትን ጊዜ ይይዝልሻል። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ሰው አረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲደርስ ይዘገያል፤ የአማርኛ ዋና ግስም እዚያው ነው የሚመጣው። ግስ ስለሆነ ይሁን መጨረሻ ስለሆነ አይለይም። «ታንኳዋ ከዘጌ ስትነሳ ነፋሱ በረታ» በሚለው ውስጥ መለካት ያለብሽ «ስትነሳ»ን ነው እንጂ «በረታ»ን አይደለም።